540 ላይ ያለው ሬዲዮ ለምን ሳይቋረጥ ይሄዳል? የእነዚህን ጣቢያዎች ታሪክ የሚያውቅ አለ?

ጥያቄ፦ ሹፌሩ፣ ካልጋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ካናዳ ውስጥ ከካልጋሪ ዊኒፔግ ትራክ እነዳለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። መንገዱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ፣ ስንዴ፣ ማለቂያ የሌለው ባቡር፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ። ስልክ ኔትዎርክ የሚያጣባቸው ቦታዎች አሁንም አሉ። ያወረድኩትን መዝሙርም ዘፈንም ሰምቼ ስጨርስ የሚቀረኝ ሬዲዮ ነው።

ኤፍ ኤሙ እንደምታውቁት ነው። ከተማ ስትገቡ ይመጣል፣ ከተማውን ስታልፉ ይንሿሿና ድራሹ ይጠፋል። ኤ ኤም 540 ግን ሌላ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሜዲሲን ሃትን ሳልለቅ ይይዝልኛል። ስዊፍት ከረንት፣ ሙስ ጆ፣ ሬጂና እያልኩ ሳስካችዋንን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ማኒቶባ ገብቼ ብራንደን ስደርስም ያው ሰውዬ እያወራ ነው። ለብዙ ዓመት በየከተማው ማሰራጫ ተክለው የሚቀባበሉት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ወደ አንድ የፖታሽ ማዕድን ዕቃ ጭኜ ሄድኩ። መንገዴ ዋትረስ በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል ነበር። ከሳስካቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የምትገኘው። አጠገቧ ሊትል ማኒቱ የሚባል ሐይቅ አለ። ውኃው ከባሕር ውኃ በላይ ጨው አለው። ሰው ሲገባበት አይሰምጥም፣ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። እኔ እግሬን ብቻ ነከርኩ። ሲደርቅ ነጭ ጨው ቆዳዬ ላይ ቀረ።

ቡና ልጠጣ ቆም ያልኩበት ቤት አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ብቻህን እንደዚህ ስትነዳ ምን ትሰማለህ አሉኝ። 540ን አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል በእጃቸው እያሳዩኝ «እሱማ እዚሁ የእኛ ነው» አሉኝ። አንድ ቀጭን ማማ፣ ስንዴ መሐል፣ ብቻውን ቆሟል። ያ ሁሉ አገር የሚሰማው ከዚህ ነው። ድሮ ከማማው ሥር የሚያምር የማሰራጫ ቤት ነበረ፣ 2015 ላይ አፈረሱት አሉኝ። ሲናገሩት ዘመድ የሞተባቸው ይመስሉ ነበር።

እኚህ ሰው የነገሩኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅ ሆነው እርሻቸው ላይ መብራት አልነበረም። ሬዲዮው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። በ1930ዎቹ ድርቁ ሲጠና፣ የስንዴ ዋጋ ሲወድቅ፣ አባታቸው ቤንዚን መግዛት አቃታቸው። ሞተሩን አወጡና መኪናውን በፈረስ አስጎተቱት። እንደዚያ ያደረገው ገበሬ ብዙ ነው፣ በጊዜው በነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «የቤኔት ጋሪ» እያሉ ይጠሩት ነበር። መኪናው በፈረስ ከሄደ ባትሪው ሥራ ፈታ ማለት ነው። ወደ ቤት ገባ። የሬዲዮ ሆነ። ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚያሽከረክረው ትንሽ ዲናሞ ተተከለና ባትሪውን ይሞላው ጀመር። ነፋስ ከሌለ ግን ይቆጠባል። የሚከፈተው ለዜና፣ ለስንዴ ዋጋና ለእሑድ ስብከት ብቻ ነው። «አባቴ እሑድ እሑድ ካልጋሪ ያለውን ሰባኪ ይሰሙ ነበር፣ በኋላ ያ ሰባኪ የአልበርታ ገዢ ሆነ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ አባቴ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት ከግድግዳው ላይ የማይወርድ ሬዲዮ ነበረን። ማታ ማታ ለዜና ይከፈታል። ዜናው እንዳለቀ «ድንጋዩ ያልቃል፣ ዝጉት» ይላል። የደከመውን የባትሪ ድንጋይ በማግስቱ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የሳስካችዋን ገበሬና አባቴ በአንድ ቋንቋ የሚግባቡ ሰዎች መሰሉኝ።

እና ጥያቄዬ ይኼ ነው። አንድ ማማ እንዴት ያን ያህል አገር ያዳርሳል? በዚህ በምዕራቡ ክፍል እነዚህን ጣቢያዎች መጀመሪያ ያቋቋማቸው ማን ነው? የሰባኪውስ ነገር እውነት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እያሰብኩት ነው የምነዳው።


መልስ 1፦ አንቴና፣ ሳስካቱን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ አገር ቤት በመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ከመጣሁ በሌላ ሙያ ነው የምተዳደረው፣ ግን ማማ ባየሁ ቁጥር መኪናዬን አቆማለሁ። ዋትረስንም ሄጄ አይቼዋለሁ።

መልሱን አንተው እግርህ ላይ ይዘኸው ነበር። ያ ጨው ነው።

ኤ ኤም ቀን ላይ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ሞገዱ አፈሩን ታክኮ ይጓዛል፣ ስለዚህ አፈሩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ድንጋያማና ደረቅ መሬት ኃይሉን ይበላዋል። አሸዋ ላይ የፈሰሰ ውኃ አስቡ፣ ትንሽ ሄዶ ይሰርጋል። እርጥበት ያለው ጨዋማ ጥቁር አፈር ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሞገዱ ብዙ ሳይደክም ይነጉዳል። የዋትረስ አካባቢ አፈር ለዚህ የተመቸ ነው። ቦታውንም የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው፣ ትልቅ ከተማ ስላለ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ቁጥሩ ነው። 540 ኪሎ ኸርዝ የኤ ኤም መስመር ከሚጀምርበት ጥግ ላይ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞገዱ ይረዝማል፣ በመሬት ላይም ራቅ ብሎ ይሄዳል። ያንኑ ኃይል 1,500 ላይ ብታስቀምጠው ይህን ያህል ርቀት ሳይሄድ ይደክም ነበር። በዚያ ላይ ኃይሉ 50,000 ዋት ነው። አፈሩ፣ ቁጥሩና ኃይሉ አንድ ቦታ ተገናኙ። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከመሬት በታች ደግሞ የማይታይ ሥራ አለ። ከማማው ግርጌ ጀምሮ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው የመዳብ ሽቦ ይቀበራል። ማማውን ሁሉም ያያል። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን የተቀበረው ሽቦ ነው። እኔ በምሠራበት ቦታ ሌባ አንድ ጎኑን ቆፍሮ ወስዶብን በዚያ አቅጣጫ ያሉ ሰዎች «ጣቢያው ደከመ» ብለው ደብዳቤ ጻፉልን። ማሰራጫው ጤነኛ ነው። መሬቱ ነው የጎደለው።

ሲ ቢ ኬ የሚባለው ይህ ጣቢያ የተከፈተው ጁላይ 29 ቀን 1939 ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የካናዳ የሕዝብ ማሰራጫ ድርጅት የሲ ቢ ሲ ነው። ሲ ቢ ሲ ራሱ የተቋቋመው ኖቬምበር 1936 ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮ ጥርት ብሎ የሚገባው በየትልልቁ ከተማ ነበር። እርሻ ላይ ያለው ሰው ማታ ማታ የሚይዘው የአሜሪካን ጣቢያዎች ነው፣ ማታ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ስለሚመለስ። የገዛ አገሩን ድምፅ ግን ቀን ላይ አያገኝም። ዋትረስ ያን ለወጠው። ሴፕቴምበር ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ማማው ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ማን ጀመራቸው ላልከው፣ መንግሥት አይደለም። በ1922 ፈቃድ መስጠት ሲጀመር ብዙዎቹን የከፈቱት ጋዜጦች ናቸው። ኤድመንተን ላይ ሲ ጄ ሲ ኤ የተከፈተው በኤድመንተን ጆርናል ነው፣ ሜይ 1 ቀን 1922። ካልጋሪ ላይ ሄራልድ፣ ሬጂና ላይ ሊደር የራሳቸውን ከፈቱ። ዊኒፔግ ላይ ሁለቱ ተፎካካሪ ጋዜጦች በየፊናቸው ከፍተው ወጪው ከበዳቸውና ተዉት። ከዚያ የማኒቶባ መንግሥት የስልክ ድርጅት ተረከበውና ማርች 1923 ሲ ኬ ዋይን ጀመረ። ስልክ የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ጣቢያ ሲያካሂድ አስቡት! ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ በዓመት 1 ዶላር የፈቃድ ይከፍላል። ማኒቶባ ውስጥ ከተሰበሰበው ግማሹ ለዚህ ጣቢያ ይውል ነበር። በ1948 ለሲ ቢ ሲ ተሸጠ። ዊኒፔግ ስትቃረብ 990 ላይ የምትሰማው የእሱ ልጅ ነው።

ሌሎቹን ደግሞ ነጋዴዎች ናቸው የከፈቱት። እኔ የምኖርበት ሳስካቱን ላይ ሲ ኤፍ ኪው ሲ በ1923 ሲጀመር ባለቤቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚሰማ ነገር ከሌለ ሬዲዮ ማን ይገዛል? ዮርክተን ላይ ያለው ሲ ጄ ጂ ኤክስ ደግሞ በ1927 የእህል ገበያ ሰዎች የከፈቱት ነው። ስሙ ላይ ያሉት ጂ እና ኤክስ ራሳቸው የእህል ገበያ ማለት ናቸው። ሽማግሌው «ለስንዴ ዋጋ» ያሉህ ትዝ ይበልህ። ዋጋውን ቀድሞ የሰማ ገበሬ ጎተራው በር ላይ የሚቆመውን ነጋዴ አይፈራም።


መልስ 2፦ የማርታ እናት፣ ካልጋሪ

የሰባኪው ነገር እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ሰውዬው ቄስም ፓስተርም ሆኖ የተሾመ አይደለም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ዊሊያም አበርሃርት ይባላል። ክሬሰንት ሃይትስ የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሃያ ዓመት መርቷል። ቤቴ እዚያው ሰፈር ነው። ልጄን ስሸኝ በየቀኑ በሩ ላይ አልፋለሁ። ታሪኩን ያነበብኩት ይህ ሕንፃ የማን ነበር ብዬ ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ያስተምራል፣ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል። ሰው በዛበትና መሃል ከተማ ስቲቨን ጎዳና ላይ ያለውን ፓላስ ቲያትር ተከራየ። በኖቬምበር 1925 ሲ ኤፍ ሲ ኤን ትምህርቱን በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ይህ ጣቢያ ራሱን «የፕሬሪዎቹ ድምፅ»፣ የሜዳማው አገር ድምፅ ማለት ነው፣ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ቲያትሩ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂቱ ሆነ። ብዙው በየእርሻው ነው ያለው። ወንድማችን ያገኛቸው የእኒያ ሽማግሌ አባት አንዱ ናቸው።

አስቡት እስቲ። ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ነው። ጎረቤት የሚባለው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይቻልም። በዚህ ላይ አዝመራው በአቧራ ተበልቷል፣ ባንክ ዕዳ ይጠይቃል። በዚህ ቤት ውስጥ እሑድ ከሰዓት አንድ ወፍራም ድምፅ ይገባና «አይዟችሁ» ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ክረምቴን እዚህ ብቻዬን ነው ያሳለፍኩት። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

በ1932 ሶሻል ክሬዲት የሚባል የኢኮኖሚ ሐሳብ አነበበና ስብከቱ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው በወር 25 ዶላር ይሰጠዋል የሚል ነው። በሬዲዮ ድራማም አሠራ። ከማርስ የመጣ አንድ ሰው አልበርታ ላይ ያርፍና ይጠይቃል፦ ስንዴው ጎተራ ሞልቷል፣ ሰው ደግሞ ይራባል፣ ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገበሬው ይኼን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ነበር የከረመው። ሌላ ሰው ሲጠይቅለት ሰማ።

ኦገስት 22 ቀን 1935 የአልበርታ ምርጫ ተደረገ። ከ63 መቀመጫ 56ቱን የእሱ የሶሻል ክሬዲት ፓርቲ ወሰደ። አዲስ ፓርቲ ነው። ጋዜጦቹ ተቃውመውታል። ባንኮቹ ጠልተውታል። ይዞት የተነሳው ትልቁ ነገር ማይክሮፎን ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ኧርነስት ማኒንግ የሚባል የገበሬ ልጅ ሳስካችዋን ውስጥ ሮዝታውን አጠገብ ባለው እርሻቸው ላይ ይህን ስብከት በሬዲዮ ይሰማል። ተነስቶ ካልጋሪ መጣ። አበርሃርት በ1927 የከፈተው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪ ሆነ። በ1943 አበርሃርት ሲሞት የአልበርታ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ይህ ልጅ ነው። እስከ 1968 ድረስ ገዛ። 25 ዓመት! የእሑዱን የሬዲዮ ስብከትም አላቋረጠም። አንድ የሬዲዮ ሞገድ የክፍለ ሀገር ድንበር ተሻግሮ አንድ ወጣት መርጦ አመጣና ክፍለ ሀገሩን ሰጠው።

ጥሩ ጥሩውን ብቻ ከነገርኳችሁ ግን ልክ አይሆንም። 25 ዶላሩ እንደ ተወራው አልመጣም። አበርሃርት ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1937 መንግሥቱ ጋዜጦችን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ጋዜጣ የመንግሥትን ማስተባበያ እንዲያትም፣ ወሬውን ከማን እንዳገኘም እንዲናገር የሚያደርግ። እኛ ከየት አገር እንደመጣን ታውቃላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ሲነሳ ሆዴ ይባባል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1938 ውድቅ አደረገው። ትግሉን የመራው ኤድመንተን ጆርናል ፑሊትዘር ከሚባለው የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን ክብር አገኘ። አበርሃርት በሬዲዮ እንደ ልቡ ሲናገር የከለከለው አልነበረም። ሌላው ሲጽፍበት ግን አልቻለም። ይኼን አልወደድኩለትም።

ሃይማኖትና ሬዲዮ ደግሞ ከዚያም በፊት አጣልቷል። በ1928 የመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች የሚባሉት፣ ዛሬ የይሖዋ ምሥክሮች የምንላቸው፣ ሳስካቱን፣ ኤድመንተን፣ ቫንኮቨርና ቶሮንቶ ላይ ጣቢያ ነበራቸው። መንግሥት ፈቃዳቸውን አላድስም አለ። ሕዝቡም ፓርላማውም ተንጫጫ። ሬዲዮን ማን ይቆጣጠረው የሚለውን እንዲያጠና በዚያው ዓመት ኮሚሽን ተቋቋመ። የሕዝብ ሬዲዮ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። በ1932 ሕጉን ያወጣው ጠቅላይ ሚኒስትር ማን መሰላችሁ? ቤኔት ነው። የካልጋሪ ሰው። ስሙ በፈረስ ጋሪው ላይ የቀረው።


መልስ 3፦ ሬጂና ነኝ

አጭር ነገር ላክል፣ የከተማዬን ስም ሳላስጠራ አላልፍም። የሬጂናው ሲ ኬ ሲ ኬ የተከፈተው ጁላይ 29 ቀን 1922 ነው። ዋትረስም ጁላይ 29 ነው፣ በ17 ዓመት ልዩነት።

ማርች 14 ቀን 1923 ፒት ፓርከር የሚባል ሰው በዚህ ጣቢያ ላይ የሬጂናንና የኤድመንተንን የሆኪ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተላለፈ። ሙሉ የፕሮፌሽናል ሆኪ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ካናዳ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው የቶሮንቶውን የሆኪ ጨዋታ አስተላላፊ ፎስተር ሂዊትን ነው።  ልጆቼ ሆኪ ይጫወታሉ። ይህን ነግሬያቸው ለአሰልጣኙ ነገሩት። አሰልጣኙም ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፣ ሰምቶት አያውቅም።


መልስ 4፦ ታክሲ፣ ኤድመንተን

ሰላም። እኔ የማውቀው አንድ ጣቢያ ነው፣ ሲ ኬ ዩ ኤ። ስለ ሌላው አላወራም።

ኖቬምበር 21 ቀን 1927 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት መምህራኑ በየገጠሩ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሙዚቃ። አገሩ ሰፊ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እግራችን የማይደርስበት ድምፃችን ይድረስ አሉ። ትምህርት ለማስተማር ተብሎ የተቋቋመ የሕዝብ ሬዲዮ ካናዳ ውስጥ ያን ጊዜ ሌላ አልነበረም። በኋላ ወደ ክፍለ ሀገሩ መንግሥት ዞረ፣ በ1994 ደግሞ ለአንድ ፋውንዴሽን ተላለፈ።

እኔ ያገኘሁት በታክሲ ነው። የማታ ፈረቃ ነበርኩ። 580 ላይ አደርገዋለሁ።  አንድ ምሽት ውስጥ ጃዝ፣ ከዚያ የማሊ ጊታር፣ ከዚያ የአገሬው ገበሬ ዘፈን ይመጣል። አንድ ሌሊት ላይ ከተሳፋሪ ጋር ሆነን ድንገት የሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን መጣ። መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። ተሳፋሪው ታመምክ ወይ አለኝ። አይ፣ የሰፈሬ ሰው ነው አልኩት።

ማርች 20 ቀን 1997 ጣቢያው ተዘጋ። ገንዘብ አልቆ። እኔ አልሰማሁም ነበር። ማታ ሥራ ገባሁ፣ ከፈትኩ፣ ዝም። ሬዲዮዬ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ጣቢያ ሞከርኩ፣ ይሠራል። ወደ 580 ተመለስኩ፣ ዝም። ያ ሌሊት አላለቀልኝም።

ከዚያ ሰዉ ተነሳ። አድማጩ ተሰባሰበ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ቦርዱ ተቀየረ። እኔም የአቅሜን ላክሁ፣ 20 ዶላር ነች። አፕሪል 25 ቀን ተመልሶ ተከፈተ። አምስት ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ አብዛኛው የሚኖረው አድማጭ በሚያዋጣው ነው። የ580ው ኤ ኤም ግን በ2013 ቀረ። አሁን በኤፍ ኤምና በኢንተርኔት ነው። በስልኬ ይገባልኛል፣ ጥራቱም የተሻለ ነው። ቢሆንም ያቺን መሽከርከሪያ ጠምዝዤ 580 ላይ ሳደርስ የምትሰጠኝን ነገር አላገኘሁም።


መልስ 5፦ ከቫንኮቨር

ከተራራው ወዲህ ያለውንም አትርሱ። ሲ ኬ ኤን ደብሊው በኦገስት 1944 ኒው ዌስትሚንስተር ላይ ሲከፈት ቢል ሬይ የሚባለው ባለቤቱ የካውቦይ ዘፈንና በየሰዓቱ ዜና ይዞ መጣ። ዛሬ በየሰዓቱ ዜና የሚገርም አይደለም፣ ያን ጊዜ ግን አዲስ ነገር ነበር። ለዓሥርተ ዓመታት 980 ላይ ቆይቶ በ2024 ወደ 730 ተዛወረ። በሥራ ቦታዬ ያሉ ትልልቅ ሰዎች እስከ ዛሬ እጃቸው 980 ላይ ይሄዳል።

ለእኛ ለስደተኞች የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። በ1972 ሲ ጄ ቪ ቢ በብዙ ቋንቋ የሚያሰራጭ ጣቢያ ሆኖ እዚህ ተከፈተ። የከፈተው ሰው ራሱ ከሆላንድ የመጣ ስደተኛ ነው። በ1975 ደግሞ ኮኦፕ ሬዲዮ ተጀመረ፣ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፣ የሚሠሩትም በጎ ፈቃደኞች። አንድ ሰው በራሱ ቋንቋ ማይክ ፊት ሲቀመጥ እጁ የሚንቀጠቀጠው እዚያ ነው። አይቻለሁ።


ሹፌሩ፣ ካልጋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለባለቤቴም አነበብኩላት።

ጋሼ አንቴና፣ የእርስዎ መልስ ዕንቅልፍ ነሳኝ። ያን ሐይቅ ሲያዩት ከሬዲዮ ጋር ምን አገናኘው ይላል ሰው። ትናንት ከሬጂና ስመለስ መንገድ ዳር ያለውን ነጭ ነጭ ነገር ልብ ብዬ አየሁት። ኩሬዎቹ ዳር ዳሩ ላይ ጨው ነው። ዘጠኝ ዓመት በላዩ ስነዳ በረዶ ነው እያልኩ ነው ያለፍኩት።

እህቴ የማርታ እናት፣ ስለ ማኒንግ የጻፍሽውን አላውቅም ነበር። ሮዝታውንን አውቃታለሁ፣ ነዳጅ እቀዳባታለሁ። ከእንግዲህ ቆም ብዬ ነው የምሄደው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዋትረስ ላይ የተቀበረው የመዳብ ሽቦ አሁንም አለ ማለት ነው? ገበሬው በላዩ እያረሰ ነው?


አንቴና፣ ሳስካቱን

አለ እንጂ። ማማው እስከሠራ ድረስ ሽቦው አለ። በላዩ ሣር ይበቅላል። እኔ የሄድኩ ጊዜ አጥሩ ጋ ቆሜ ለመቁጠር ሞከርኩ፣ ምንም አይታይም።

እኒያን ሽማግሌ ካገኘሃቸው ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። በስልክህ ድምፃቸውን ቅዳ። ባትሪውን አባታቸው እንዴት እንደሚያገናኙት፣ የነፋሱ ዲናሞ ሲሽከረከር ምን ድምፅ ያሰማ እንደነበረ ይንገሩህ። ሬዲዮው ውስጥ ይገባ ነበረ ወይ ብለህ ጠይቃቸው። መግባት አለበት።


ሹፌሩ፣ ካልጋሪ

እሺ ጋሼ። ሐሙስ ነው የምጭነው። በዋትረስ በኩል እዞራለሁ።